ብሬከሩ ሳይወርድ ሳጥኑ ለምን ጋለ?

የጅማ ቤት ሠሪዎችና የኤሌክትሪክ ባለሙያዎች የሚገናኙበት መድረክ ላይ ሰሞኑን አንድ ጥያቄ ተነስቶ 28 ምላሽ ተሰጠበት። ክሩ፣ ማለትም ጥያቄው ከነምላሾቹ፣ ረዥም ነው። መሐል ላይ ስለ እንጀራና ስለ ጊቤም ተወርቶበታል። ውስጡ ያለው ቁም ነገር ግን ቤት ከመቃጠል የሚያድን ነው። ስለዚህ ማን ምን እንዳለ ተራ ቁጥሩን እየተከተልኩ በራሴ አነጋገር አስቀምጣለሁ። ሥራዬ ይኸው ስለሆነ የማልስማማበት ቦታ ላይ ዝም ብዬ አላልፍም።

ጠያቂው ቦሳ ቂጦ አካባቢ የራሱ ቤት አለው። ከኋላ ሁለት ሰርቪስ ክፍሎች ያከራያል። ብሬከሮቹ ከተደረደሩበት ፓነል ቦርድ አንድ ባለ 2.5 መስመር ተነስቶ ማድ ቤት ይገባል፤ 2.5 የሽቦው ውፍረት በካሬ ሚሊ ሜትር ነው። እዚያ ግድግዳው ላይ ትንሽ ጃንክሽን ቦክስ፣ ማለትም ሽቦዎች የሚያያዙበት ሳጥን፣ አለ። ከሳጥኑ አንዱ ሽቦ ወደ ምጣዱ ሶኬት ይወርዳል፤ ሌላው ወደ ሰርቪሶቹ ይቀጥላል። ድሮ መስመሩ ላይ የነበረው ባለ 20 አምፔር ብሬከር ነው፤ ብሬከር ከልክ በላይ አምፔር ሲያልፍ ወርዶ መስመሩን የሚያጠፋው ነው። ተከራዮቹ የኤሌክትሪክ ምድጃ ካስገቡ ወዲህ ብሬከሩ እንጀራ መሐል ላይ እየወረደ አስቸገረ። የተጠራው ሠራተኛ 20ውን ነቅሎ 32 ገጠመለት። ብሬከሩ መውረዱን ተወ። ከዚያ በኋላ ግን የሳጥኑ ክዳን ቡናማ ሆነ፤ ምጣዱ ሲጋልም የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል። ጠያቂው ሽቦው ቀጥኗል ብሎ ደምድሟል። ከፓነሉ እስከ ሳጥኑ ባለ 6 ስቦ ከቀረው ጋር ሊያያይዝ አስቧል። 6 ይበቃል ወይ፣ ሳጥኑስ ይችለዋል ወይ፣ 32ቱ ባለበት ይቆይ ወይ ብሎ ጠየቀ። የክዳኑን ፎቶም ለጠፈ።

ምላሽ 1 ጨዋ ነው። ሰላምታ ከሰጠ በኋላ የምጣዱንና የምድጃውን ዋት ከጀርባቸው አንብቦ እንዲጽፍ ጠየቀው። ትክክለኛው መነሻ ይህ ነው። ጭነቱ ሳይታወቅ ስለ ሽቦ መነጋገር አይቻልም።

ምላሽ 2 ግን ዋቱን አልጠበቀም። ወፍራም ሽቦ ሁሉን ይፈታል፣ 6 ስበህ ተገላገል አለ። ብዙ ሰው ወደደለት። እኔ ክሩን እንድጽፍ ያደረገኝ ይህ መውደድ ነው። በከተማችን በጣም የተለመደው ምክር ይኸው ነው፤ ግማሹ ብቻ ነው ልክ።

ምላሽ 3 አረመው። ባለ 6 ሽቦ ከፓነሉ እስከ ሳጥኑ ብቻ ነው የሚሄደው አለ። ከሳጥኑ ወዲያ ያለው ያው 2.5 ነው። በቱቦ ውስጥ ግድግዳ ላይ የተዘረጋ ባለ 6 የመዳብ ሽቦ 41 አምፔር ይሸከማል፤ ባለ 2.5 ግን 24 አምፔር ነው። 32ቱ ብሬከር ለ6ቱ ጠባቂ ይሆናል፣ ለ2.5ቱ አይሆንም። ብሬከር የሚመረጠው በመስመሩ ላይ ባለው በጣም ቀጭን ሽቦ ልክ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ብዙ ሰው ብሬከር ዕቃውን የሚጠብቅ ይመስለዋል። ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። ደግሞም 32 የተጻፈበት ብሬከር 32 ላይ አይወርድም። ለቤት የሚሠሩት ብሬከሮች በሚመረቱበት ዓለም አቀፍ ደረጃ መሠረት፣ ከተጻፈው 1.13 እጥፍ እስኪያልፍ ድረስ ለአንድ ሰዓት መውረድ የለባቸውም። 1.45 እጥፍ ሲደርስ ግን በአንድ ሰዓት ውስጥ መውረድ ግዴታቸው ነው። ለ32 ሲሰላ 36 አምፔር አካባቢ ዝም ብሎ ያሳልፋል ማለት ነው። እስከ 46 ድረስም አንድ ሰዓት ሊታገሥ ይችላል። ያን ሁሉ ጊዜ 24 የሚችለው ሽቦ ግድግዳ ውስጥ እየጋለ ነው። የሽቦው ፕላስቲክ የተሠራው እስከ 70 ዲግሪ ሙቀት እንዲችል ነው። ከዚያ ሲያልፍ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል።

በምላሽ 4 ጠያቂው ራሱ ተመለሰ። ምጣዱ 3500 ዋት፣ የተከራዮቹ ምድጃ 2000 ዋት ነው። ሳጥኑ በ80 በ80 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 40 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው። 3500 ለ220 ቮልት ሲካፈል 15.9 አምፔር፣ 2000 ሲካፈል 9.1። ድምሩ 25። ድሮ የነበረው 20 ለምን መሐል ላይ እንደሚወርድ ይኸው ታየ። ሩብ ያህል ትርፍ ነው የተጫነበት። እንዲህ ያለ ትርፍ ብሬከርን ወዲያው አይጥለውም፣ ሲቆይ ነው የሚጥለው። ብሬከሩ ሥራውን እየሠራ ነበር። እሱን ነቅሎ 32 መግጠም ጠባቂውን ማባረር ነው።

ምላሽ 5 የጻፈው በጅማ ዩኒቨርሲቲ ቂጦ ፉርዲሳ ግቢ የሚማር ልጅ ነው። ሰንጠረዥ ይዞ መጣ። ባለ 1.5 ሽቦ 17.5፣ ባለ 2.5 24፣ ባለ 4 32፣ ባለ 6 41፣ ባለ 10 57 አምፔር። እነዚህ ቁጥሮች አየሩ 30 ዲግሪ ሲሆን፣ በቱቦው ውስጥም አንድ መስመር ብቻ ሲኖር ነው አለ። በአንድ ቱቦ ሁለት መስመር ከገባ በ0.8 ይባዛል። ሦስት ከገባ በ0.7። ይህ ለጅማ ቤቶች ትልቅ ነገር ነው። እዚህ ሠራተኛው ቱቦ እንዳይበዛ ብሎ ሁሉንም መስመር በአንዱ ይጨምራል። ልጁ የኢትዮጵያን የሕንፃ ደረጃ ቁጥር 10ንም ጠቀሰ፤ ስለ ሕንፃ ኤሌክትሪክ ዝርጋታ የወጣ ደረጃ ነው።

ምላሽ 6 ላይ ድምፁ ተቀየረ። የጻፉት ዕድሜያቸውን በዚህ ሥራ የጨረሱ አባት ናቸው። ሰንጠረዥ ቤት አይሠራም አሉ። ለመብራት 1.5፣ ለሶኬት 2.5፣ ለምጣድ 4፤ ይህን ያወቀ ሌላ አያሻውም። ልጆች ወረቀት ተሸክመው ሽማግሌ ሊያስተምሩ ይመጣሉ ብለውም ተቆጡ። ልጁ በምላሽ 7 አንቱ እያለ በትሕትና መለሰ። የእርስዎ ልክና የሰንጠረዡ ልክ አንድ ነው አላቸው። እውነቱን ነው። እኔ የምጨምረው የሽማግሌው ልክ ብሬከሩንም አብሮ መያዝ እንዳለበት ብቻ ነው። 1.5ን ከ10 ጋር፣ 2.5ን ከ16 ጋር፣ 4ን ከ20 ወይም ቢበዛ ከ25 ጋር። ሽቦውን ብቻ ቆጥሮ ብሬከሩን የሚረሳ ሰው ነው 32ን 2.5 ላይ የሚገጥመው።

ክሩ የዞረው ምላሽ 8 ላይ ነው። የጻፈችው ፋብሪካ ውስጥ የጥገና ባለሙያ ነች። ስለ ሽቦ ውፍረት አንድም ቃል አላለችም። የጠየቀችው ቡናማው የቱ ጋ ነው ብላ ነው። ሽቦ ከአቅሙ በላይ ሲጫን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሞቃል፤ ፓነሉ ጋም፣ ሶኬቱ ጋም ምልክት ይታያል። ፎቶው ላይ ግን የጠቆረው የክዳኑ አንድ ጥግ ብቻ ነው። አንድ ቦታ ብቻ ከጋለ ችግሩ ማያያዣው ነው። አምፔሩ ልክ ቢሆንም የላላ ማያያዣ ይግላል።

ሒሳቡንም አስቀመጠችው። አንድ የላላ ማያያዣ ለኤሌክትሪኩ የሚፈጥረው እንቅፋት (ሬዚስታንስ) 0.1 ኦም ብቻ ቢሆን፣ የምጣዱ 16 አምፔር ሲያልፍበት 25 ዋት ያህል ሙቀት ይፈጠራል። ይህ እንደ ሬዲዮ ጠጋኝ ትንሽ መበየጃ ነው፤ በተዘጋ የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ፣ እንጀራ እስኪያልቅ ድረስ። ምድጃው ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። ሙቀቱ የሚያድገው በአምፔሩ ልክ ሳይሆን በካሬው ነው፤ አምፔሩ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ብሬከሩ ግን ይህን ሁሉ አያይም። እሱ የሚያየው አምፔር ብቻ ነው። 16 አምፔር እያለፈ ከሆነ 32ም፣ 20ም፣ ባለ 16 ብሬከር ራሱ ዝም ይላል።

እኔም ለጎረቤት፣ ለደንበኛ፣ ለዘመድ ሁሉ ደጋግሜ የምለው ይህንኑ ነው። ሽቦ አወፍራለሁ ብሎ ሳጥኑን ያልከፈተ ሰው ችግሩን ባለበት ትቶታል።

ጠያቂው በምላሽ 9 ሳጥኑን ከፍቶ ያየውን ጻፈ። ሦስት ሦስት ሽቦ በእጅ ተጠማዞ በጥቁር ፕላስተር ተጠቅልሏል። አንደኛው ጥቅል ቀልጧል፤ የሽቦው ልባስ ደርቆ ሲነካ ይፈረፈራል። የቀለጠው ደግሞ ፌዙ አልነበረም። ኑትራሉ ነው። ይህ ብዙ ሰው አስገረመ። መገረም አልነበረበትም። በፌዝ የገባ አምፔር በኑትራል ነው የሚመለሰው፤ ሁለቱም እኩል ይሸከማሉ። ኑትራል አይነዝርም እየተባለ ስለሚናቅ ነው ማያያዣው ብዙ ጊዜ እንዲህ የሚተወው። እሱም የሚነዝርበት ጊዜ አለ፤ ሲበጠስ።

ምላሽ 10 በቁጣ መጣ። ማን ክፈት አለህ፣ ዋናውን አጥፍተሃል ወይ፣ በቴስተር አይተሃል ወይ ብሎ አፋጠጠው። ጠያቂው ዋናውን አጥፍቶ በቴስተር እንዳየ ሲመልስ ሰውየው ለዘብ አለ። አንድ ጥሩ ነገርም ጨመረ። ቴስተሩ ራሱ መሥራቱ መጀመሪያ መብራት ባለበት ሶኬት ላይ መፈተን አለበት። ባዶ ቴስተር ሁሉን ነገር ሙት ነው ይላል።

ከምላሽ 11 እስከ 13 የማያያዣ ጦርነት ነበር። አንዱ በፒንሳ በደንብ የተጠመዘዘ ሽቦ ዕድሜ ልክ ይኖራል ብሎ ተከራከረ። ሌላው ፕላስተር ሽቦ አይጨብጥም፣ የሚሸፍን ብቻ ነው አለው። ምጣድ ሲጣድ መዳቡ ሙቀት ያገኘዋል፣ ሲወጣ ይቀዘቅዛል። በየቀኑ እንዲህ ሲሆን ያልተጨበጠ ጥምዝ እየላላ ይሄዳል። ሦስተኛው በቡሎን የሚጠብቀውን ወይም በማንሻ የሚቆልፈውን ማያያዣ መረጠ፤ እኔም ከእሱ ጋር ነኝ። ነገር ግን ማያያዣውም የራሱ ልክ አለው። ላዩ ላይ ስንት ካሬ ሚሊ ሜትር እንደሚቀበልና ስንት አምፔር እንደሚችል ተጽፏል። ለአንድ 2.5 የተሠራ ቀዳዳ ውስጥ ሦስት 2.5 ሲጠቀጠቅ ቡሎኑ አንዱን ይጨብጣል፣ ሁለቱን ይስታል። ሳጥን ስንት አምፔር ይችላል ብሎ የሚጠይቅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መልሱን የሚያገኘው ከማያያዣው ላይ ነው። ሳጥኑ የሚወስነው ቦታውን ነው።

ምላሽ 14 የመጣው ከአሜሪካ ነው፤ የጅማ መንደራ ሰፈር ልጅ ነኝ አለ። እዚያ ኤሌክትሪሺያን ሆኖ ይሠራል። ለምጣዱ ቁጥር 10 ሽቦ ከ30 ብሬከር ጋር ይበቃል አለ። በቅን ልብ ነው የጻፈው። ነገር ግን ምላሽ 15 ወዲያው እዚህ ጅማ መርካቶ ባለ 10 ሽቦ ስንት ይሸጣል ብሎ ጠየቀ። ምላሽ 16 ደንግጦ አስቆመው። የአሜሪካ ቁጥር የእኛ ካሬ ሚሊ ሜትር አይደለም። እዚያ ቁጥሩ ሲያድግ ሽቦው ይቀጥናል። ቁጥር 14 ማለት 2.08፣ ቁጥር 12 ማለት 3.31፣ ቁጥር 10 ማለት 5.26 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው። የቤታቸው ሶኬት ደግሞ 120 ቮልት ነው፤ ለአንድ ዓይነት ዋት ከእኛ እጥፍ የሚጠጋ አምፔር ይስባል። የዚያን አገር ቁጥር ይዞ ጅማ ሱቅ መግባት አይሆንም።

የመንደራው ልጅ ያመጣው ሌላው ነገር ግን ወርቅ ነው፤ በጭቅጭቁ መሐል ተረሳ እንጂ። በእነሱ ሕግ በሳጥን ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ሽቦ የራሱ ቦታ ተለክቶ ይሰጠዋል። ለቁጥር 12 ሽቦ ወደ 37 ሴንቲ ሜትር ኩብ፣ ለቁጥር 8 ወደ 49። የግራውንድ (የመሬት) ሽቦዎች እስከ አራት ድረስ አንድ ላይ እንደ አንድ ይቆጠራሉ። በጠያቂያችን ሳጥን ላይ ልሞክረው። ሦስት ፌዝ፣ ሦስት ኑትራል፣ ግራውንዱ እንደ አንድ፤ ሰባት ሆነ። የእኛ 2.5 ከቁጥር 14 ይወፍራል፣ ስለዚህ እንደ 12 ልቁጠረው። 7 በ37 ሲባዛ 259። ሳጥኑ ስንት ነው? 8 በ8 በ4 ሴንቲ ሜትር፣ 256። ሞልቶ በትንሹ አልፏል ማለት ነው። አሁን 6 ልጨምር ቢል? 6 ከቁጥር 10 ስለሚበልጥ እንደ 8 ይቆጠራል። ሁሉም 6 ከሆነ 343 ይፈልጋል። ከፓነሉ የሚመጣው ብቻ 6 ቢሆንም ከ256 ይበልጥ ያልፋል። 10 በ10 በ5 የሆነው ሳጥን ግን 500 ነው፤ በሰፊው ይበቃል። እኛን ይህ ሕግ አያስገድደንም። ምክንያቱ ግን እዚህም እዚያም አንድ ነው። ጠባብ ሳጥን ውስጥ ወፍራም ሽቦ ሲታጠፍ ይገፋል፤ ክዳኑ በግድ ሲዘጋ ማያያዣው ላይ ይጎትታል፤ ሙቀትም መውጫ ያጣል።

ምላሽ 17 አጭር ነበር፤ ልቤን የነካው ግን እሱ ነው። የጭቃ ቤት ውስጥ የሚኖር ተከራይ ነው። እናንተ ስለ ሳጥን ስፋት ትነጋገራላችሁ፣ እኛ ጋ ሳጥን የሚባል የለም አለ። ሽቦዎቹ ከማዳበሪያ ኮርኒስ በላይ ተጠማዘው በፕላስተር ተጠቅልለው ተቀምጠዋል። አይጥ ደግሞ ፕላስተሩን ይበላል። ማንም አልቀለደበትም። ማዳበሪያ ኮርኒስ ላይ ያለ ሳጥን የሌለው ማያያዣ በጣም አደገኛው ነው። ሳጥን የሚያስፈልገው ለመልክ አይደለም። ማያያዣው ቢቀልጥ እሳቱ እንዲታፈንና ኮርኒሱን እንዳያገኝ ነው። ለዚህ ሰው የምለው አንድ ነገር ነው፤ ቤቱን ሁሉ መቀየር ባይቻል እንኳ እነዚያን ማያያዣዎች ብቻ ሳጥን ውስጥ ማስገባት ይቻላል። አከራዩን አብሮ ማናገር የሚፈልግ ሁለት ሰው ከመድረኩ ተነስቷል፤ ደስ ብሎኛል።

ምላሽ 18 የጻፉት እንጀራ ጋግረው ለመርካቶ የሚያስረክቡ እናት ናቸው። ምጣዳቸው ሳይነጋ ተጥዶ ረፋዱ ላይ ነው የሚወጣው። ቁጥሩን አላውቅም፣ ሽታውን ግን አውቃለሁ አሉ። ክዳኑን በእጃቸው ጀርባ እየነኩ ይፈትሻሉ፤ ካቃጠላቸው ያጠፋሉ። ከዚያ የጠየቁት ሌላ ነው። ሊጥ ሲያፈሱ ምጣዱ አልፎ አልፎ ይነዝራቸዋል።

ምላሽ 19 እማማ ብሎ ጀምሮ በጥንቃቄ መለሰላቸው። ምጣድ ሸክላ ነው። የሚግለው ሽቦ ከሥሩ በቦዩ ተቀብሮ በጄሶ ይደፈናል። ሸክላው ሲሰነጠቅ እርጥበት ወደ ሽቦው ይደርሳል፤ ኤሌክትሪኩም ወደ ላይ መንገድ ያገኛል። የተሰነጠቀ ምጣድ ይቀየር። የምጣዱ ብረት አካል አረንጓዴና ቢጫ በሆነው ግራውንድ ሽቦ ይታሰር። ፓነሉ ላይ ኤሌክትሪክ ወደ ሰው ወይም ወደ መሬት 30 ሚሊ አምፔር ሲያፈስ የሚያጠፋ ብሬከር ይግባ። ተራው ብሬከር ሰው ሲነዘር አይወርድም፤ ሰውን ለመግደል የሚበቃው አምፔር ለእሱ ምንም አይደለም። እማማ፣ ይህን ካነበቡ እስኪሠራ ድረስ በዚያ ምጣድ አይጋግሩ።

ከዚህ በኋላ ወሬው ከጉዳዩ ወጣ። ምላሽ 20 ማታ ማታ እንጀራው ዓይን አያወጣም ብሎ ቮልቴጁን አማረረ። ምላሽ 21 የጊልገል ጊቤ አንድ ግድብ 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው እዚሁ ዞናችን ውስጥ ነው፣ እኛ በደብዛዛ መብራት እንኖራለን ብሎ ተቆጣ። ምላሽ 22 ከግድቡ በቀጥታ ወደ ቤትህ የሚመጣ ሽቦ የለም ብሎ በሻካራ ቃል መለሰለት። ስድብ ተጀመረና የመድረኩ ኃላፊ ሁለት መልእክት አነሳ። የ22ቱ ነገር ግን ትክክል ነው። የማታው መውረድ ብዙ ጊዜ የሰፈሩ ትራንስፎርመርና ከእሱ የሚወጣው ረዥም መስመር ነው፤ ሁሉም በአንድ ሰዓት ምጣድ ይጥዳል። ቮልቴጁ ከ220 ወደ 200 ሲወርድ የምጣዱ ሙቀት በ17 በመቶ ይቀንሳል። ዓይን ባያወጣ አይገርምም። በራሱ ቤት ውስጥም ሰው ቮልቴጅ ያጣል። 30 ሜትር ርቆ ያለ ምጣድ በባለ 2.5 ሽቦ ሲሠራ 7 ቮልት ያህል መንገድ ላይ ይቀራል፤ በባለ 4 ከሆነ 4 ቮልት ከግማሽ አይሞላም። የሽቦ ውፍረት በእውነት የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው።

ምላሽ 23 ወደ ጉዳዩ መለሰን። 2.5 ተብሎ የተጻፈበት ሽቦ ሁሉ 2.5 አይደለም አለ። ካሊፐር (የውፍረት መለኪያ) ያለው ሰው ይለካ። አንድ ወጥ መዳብ የሆነ 2.5 ሽቦ ዲያሜትሩ 1.8 ሚሊ ሜትር ሊጠጋ ይገባል። 1.4 ከሆነ 1.5 ነው የተሸጠልህ። ጫፉን በቢላ ፋቅ ስታደርገው ከሥሩ ነጭ ከወጣ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። ሚዛንም ይናገራል። የ100 ሜትር 2.5 ጥቅል መዳቡ ብቻ 2 ኪሎ ከ200 ግራም አካባቢ ይመዝናል፣ ፕላስቲኩ ሳይቆጠር። አሉሚኒየም ግን ከመዳብ ሦስት እጥፍ ይቀላል። ጥቅሉን አንስቶ ከቀለለው አይግዛ።

ይህ አንድ ነጋዴ አስቆጣ። በምላሽ 24 ነጋዴን ሁሉ ሌባ አታድርጉ አለ። ደንበኛው ራሱ ገብቶ ርካሹን ስጠኝ ይላል፤ ትክክለኛውን ሳቀርብለት ጥሎኝ ይሄዳል። ንዴቱ ይገባኛል። መፍትሔው ግን በእጁ ነው። ካሊፐርና ሚዛን ሱቁ ላይ ያስቀምጥ፣ ደንበኛው ፊት ይለካ። እንዲህ ላደረገ ነጋዴ እኔ ደንበኛ አመጣለታለሁ።

ምላሽ 25 ላይ የጥገና ባለሙያዋ ተመልሳ ሥራውን ዘረዘረችው። ምጣዱ ከፓነሉ የራሱ መስመር ይኑረው፤ ባለ 4 ሽቦ፣ ባለ 20 ብሬከር፣ መሐል ላይ ምንም ማያያዣ ሳይኖር። ጫፉ ላይ ባለ 16 ሶኬት አይሁን። 15.9 አምፔር ለሰዓታት በ16 ሶኬት ማሳለፍ ሶኬቱን ያጋየዋል። ባለ 32 አምፔር ማብሪያ ገጥሞ ምጣዱን እዚያው በቡሎን ማሰር ይሻላል። ሰርቪሶቹ በድሮው 2.5 ይቀጥሉ፤ ብሬከራቸው 16 ይሁን። የተቃጠለው የሽቦ ጫፍ ጤነኛ መዳብ እስኪገኝ ይቆረጥ። ካጠረ ሽቦው ይቀየር እንጂ አይቀጠል። ሳጥኑ በ10 በ10ው ይተካ።

ጠያቂው በምላሽ 26 ተስማማ። የወጪ ነገር ግን ከብዶታል። ግድግዳ ላለመስበር አዲሱን ባለ 4 በድሮው ቱቦ ልጨምረው ወይ አለ። የቂጦ ፉርዲሳው ልጅ እዚያው ሥር አሰላለት። ሁለት መስመር በአንድ ቱቦ ነው፣ በ0.8 ይባዛ። 32 ወደ 25.6 ይወርዳል፤ ለ20 ብሬከር ይበቃል። 24 ወደ 19.2 ይወርዳል፤ ለ16 ይበቃል። የሁለቱ መስመር ሽቦዎች፣ ሦስት ሦስት ሆነው ስድስቱም፣ ቱቦው ውስጥ ሳይላላጡ ካለፉ ይቻላል፤ በግድ የሚጎተት ከሆነ ግን ሌላ ቱቦ ይውጣ። ሽማግሌውም ከሥሩ ይህ ልጅ ጎበዝ ነው ብለው ጻፉ።

ምላሽ 27 አዲስ ጥያቄ ነው። ጅሬን አካባቢ የምትኖር ሴት ነች። ዝናብ በዘነበ ቁጥር የቤቷ መብራት ይርገበገባል። ከምሰሶው የሚመጣው ወፍራም ሽቦ ነጭ ነው፤ ቆጣሪው ጋ ከመዳቡ ጋር በእጅ የተጠማዘዘ ይመስላል። ምላሽ 28 ነጩ አሉሚኒየም ነው ብሎ መለሰላት። አሉሚኒየምና መዳብ እርጥበት ባለበት በቀጥታ ሲነካኩ አሉሚኒየሙ ይበላል፤ ማያያዣው ይላላል፤ መርገብገቡም ከዚያ ይመጣል። በጅማ ዝናብ ብዙ አይቆይም። ለሁለቱ ማዕድናት ተብሎ የተሠራ ማያያዣ አለ። ያ ቦታ ግን ከቆጣሪ በፊት ስለሆነ በፓነሉ ብሬከር አይጠፋም፤ የሚነካውም የኤሌክትሪክ አገልግሎቱ ሠራተኛ ብቻ ነው። እኔ የጨመርኩላት ነገር ቢኖር እስኪመጡ ድረስ ምጣዱንና ምድጃውን አብራ እንዳትጠቀም ነው። ስታመለክትም መብራት ይጠፋብኛል አትበል፤ ከምሰሶ የሚመጣው ሽቦ ቆጣሪው ጋ ማያያዣው ላልቷል ብላ ትናገር። የመጀመሪያውን ስሞታ በቀን ብዙ ሰው ያመጣል፤ ሁለተኛውን የሰማ ሠራተኛ ግን መሰላልና ትክክለኛውን ማያያዣ ይዞ ይመጣል።